በቁልቢ መንገድ ላይ የምናልፈው ቅዱስ

አንባቢዎች ሆይ! ታኅሣሥ 19 ቀን ሲቃረብ ከአዲስ አበባ ወደ ቁልቢ ገብርኤል የሚጐርፈውን ሕዝብ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል፤ ምናልባትም እናንተ ራሳችሁ ከተጓዦቹ ጋር ነበራችሁ። አውቶቡሱ አዋሽን ተሻግሮ ቦርደዴን ሲያልፍ ተሳፋሪው ሁሉ በሙቀትና በአቧራ ይደክማል። አንዱ ራሱን በመስኮት አስደግፎ ያንቀላፋል፤ ሌላው የስለት ጥላውን በጉልበቱ መካከል ይዞ ጭሮ ሲደርስ የሚበላውን ምሳ ያስባል። ልክ በዚያን ሰዓት ከሜዳው መካከል ብቻውን የቆመ፣ ደን የለበሰ አንድ ተራራ ይታያል። ስሙ አሰቦት ነው።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሚኤሶ ይደረሳል። ከዚያ ወዲያ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ጨርጨር ደጋ ይወጣል፤ አየሩም ይቀዘቅዛል። አሰበ ተፈሪ በሚለው ስሟም የምትታወቀው ጭሮ ትገኛለች፤ ቀጥሎ ሂርና፣ በመጨረሻም ቁልቢ። ስለታችንን አግብተን፣ ጸበላችንን ቀድተን በመጣንበት መንገድ እንመለሳለን። እንግዲህ በሄድንበትና በተመለስንበት ጊዜ አንድ ቅዱስ አባት የኖሩበትን ቦታ ሁለት ጊዜ አልፈን መሄዳችንን ስንቶቻችን እናውቃለን?

የአሰቦት ተራራ ሌላው ስሙ ደብረ ወገግ ነው። በላዩ የቅድስት ሥላሴ ገዳም አለ። ገዳሙን መሠረቱ የሚባሉት አቡነ ሳሙኤል ዘደብረ ወገግ በ14ኛው መቶ ዓመት ከታወቁት የሸዋ መነኮሳት አንዱ ናቸው፤ በስማቸው የተጻፈ የግዕዝ ገድልም አላቸው። ዛሬ ስለ እኒህ አባትና ስለ ዘመናቸው ልነግራችሁ አስቤአለሁ። ከዚያም ይልቅ ገድል የሚባለውን መጽሐፍ እንዴት ብናነበው እንደሚጠቅመን ከእናንተ ጋር መነጋገር እፈልጋለሁ።

ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ስለ ገድል ሲነሣ ሰው ሁለት ቦታ ይከፈላል። አንደኛው ወገን፣ በተለይም አዲሱን ትምህርት የቀመሰው፣ «ተረት ነው» ብሎ ይስቃል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ከገድሉ አንዲት ቃል የጠየቀውን ሁሉ እንደ ከሓዲ ይቈጥራል። ሁለቱ ወገኖች ሲከራከሩ አምሽተው ተኳርፈው ይለያያሉ። ነገር ግን ብዙውን ጊዜ አንድ የሚያመሳስላቸው ነገር አለ፤ ሁለቱም ገድሉን አላነበቡትም።

አራቱ ሳሙኤሎች

አስቀድመን አንድ የተለመደ ስሕተት እናርም። ሳሙኤል የሚባሉት ቅዱሳን ብዙዎች ናቸው። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ በአንበሳ ተቀምጠው የሚሳሉት የዋልድባው አቡነ ሳሙኤል ናቸው፤ በዓላቸውም ታኅሣሥ 12 ቀን ይከበራል። በትግራይ የደብረ ሃሌ ሉያው ሳሙኤል አሉ። በግብጽ አገር ደግሞ በ7ኛው መቶ ዓመት የኖሩት አባ ሳሙኤል ዘቀልሞን አሉ፤ የእሳቸውም ታሪክ በስንክሳራችን ውስጥ ይነበባል። የእኛው፣ ማለት የጨርጨር መንገደኛ የሚያልፋቸው፣ አራተኛው ናቸው። ስለዚህ «አቡነ ሳሙኤል» ሲባል «የየትኛው ቦታ?» ብሎ መጠየቅ አለማመን አይደለም፤ አባቶቻችንም ራሳቸው ለየቅዱሱ የቦታውን ስም የጨመሩለት ሰው እንዳይሳሳት ነው።

«ወገግ» የሚለው ቃል ለዐማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ደስ ይላል። ሌሊቱ ሊነጋ ሲል፣ ፀሐይ ሳትወጣ የምትታየውን ብርሃን «ወገግ አለ» እንላለን። የቦታው ስም በእርግጥ ከዚህ ቃል ይምጣ አይምጣ ለቋንቋ ሊቃውንት እንተወው፤ ሰው ግን ስሙን በሰማ ቍጥር ይህን ብርሃን ማሰቡ አይቀርም።

ዘመኑ ምን ይመስል ነበር?

የነገሥታቱን ዘመን ለማመሳከር እንዲመቻችሁ ከዚህ በታች የጥንቱን ዘመን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በሸዋ ደብረ አስቦ የሚባለውን ገዳም መሠረቱ። ይህ ገዳም በኋላ፣ በ1445 ዓመት፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ደብረ ሊባኖስ ተብሎ የተሰየመው ነው። ተክለ ሃይማኖት በ1313 ዓመት ገደማ ዐረፉ። ከእሳቸው በኋላ ኤልሳዕ ለጥቂት ጊዜ ተተኩ፤ ሦስተኛው አበምኔት ደግሞ አቡነ ፊልጶስ ሆኑ። በዚያው ወቅት፣ በ1314 ዓመት፣ ዐፄ ዓምደ ጽዮን ነገሡ። እኒህ ንጉሥ እስከ 1344 ዓመት ድረስ ነግሠው የመንግሥቱን ወሰን በጦር ኀይል እጅግ ያሰፉ ናቸው።

ጳጳሱ አቡነ ያዕቆብ ከግብጽ ከመጡ በኋላ የሸዋንና የአካባቢውን አገር የማስተማሩ ሥራ ለዐሥራ ሁለት መነኮሳት ተከፍሎ ተሰጠ። አኖሬዎስ ለወረብ፣ ማትያስ ለፈጠጋር፣ አድኃኒ ለዳሞት፣ ታዴዎስ ለጽላልሽ ሲመደቡ ወገግ ለሳሙኤል ደረሰ። እናንተ የመንግሥት ሠራተኞች የሆናችሁ ይህ ነገር ይገባችኋል። ከዋናው መሥሪያ ቤት ወደ ሩቅ አውራጃ የምደባ ደብዳቤ የተቀበለ ሰው በልቡ ምን እንደሚሰማው ታውቃላችሁ። ወገግ ከደብረ አስቦ ሩቅ ነው፤ በዚያ ዘመን ከአዋሽ ወዲያ ያለው ቆላ የክርስቲያኑ መንግሥትና የእስልምናው ሡልጣኖች የሚዋሰኑበት ምድር ነበር። ዐፄ ዓምደ ጽዮን በ1332 ዓመት ከኢፋቱ ገዥ ከሰብረዲን ጋር የተዋጉት በዚሁ ዘመን ነው። ንጉሡ ወደዚያ አገር በሠራዊት ሲሄዱ መነኵሴው የተመደቡት ለማስተማር ነበር።

ደም ነው ወይስ ክብሪት?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። የደብረ አስቦ መነኮሳትና ንጉሡ ተጣሉ። ምክንያቱ ጋብቻ ነበር። ገድላቱ እንደሚነግሩን ዐፄ ዓምደ ጽዮን የአባታቸው የነበረችውን ሴት አገቡ። መነኮሳቱም «ይህ በሕግ አልተፈቀደም» ብለው ገሠጹ፤ አኖሬዎስ ንጉሡን አወገዙ። ንጉሡ ተቈጥተው አኖሬዎስን በአደባባይ አስገረፉ። በዚያው ቀን በንጉሡ ከተማ እሳት ተነሥቶ ሰፈሩን አቃጠለ።

እንግዲህ አስተውሉ። እሳቱ መነሣቱን ማንም አልካደም። ክርክሩ ከየት ተነሣ የሚለው ላይ ነበር። የመነኮሳቱ ወገን «ከተገረፉት አባት ገላ የነጠበው ደም እሳት ሆኖ ነደደ» አለ። የቤተ መንግሥቱ ሰዎች ግን «እሳቱን የለኰሱት መነኮሳቱ ናቸው» ብለው ለንጉሡ አመለከቱ። ንጉሡም መነኮሳቱን ወደ ደምቢያና ወደ በጌምድር አሳደዱ።

አንድ ተማሪ ይህን ሲያነብ «ደም እንዴት ይነድዳል?» ብሎ መጽሐፉን ቢዘጋው ምን ያጣል? በመጀመሪያ፣ አንድ ኀያል ንጉሥ በራሱ አገር መነኮሳት ፊት ለፊት መገሠጹን ያጣል። ሁለተኛ፣ በዚያን ጊዜ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ሁልጊዜ አንድ ቃል ይናገሩ እንዳልነበር ማወቅ ያመልጠዋል። ሦስተኛ፣ ንጉሡ ይህን ያህል ሰው ለማሳደድ ምክንያት መፈለጋቸውን፣ ሕዝቡም ለግርፋቱ መልስ ከሰማይ መጠበቁን አያይም። በሌላ በኩል ደግሞ «ደሙ ነደደ» በሚለው ላይ ብቻ ቆሞ ሌላውን የማይመረምር ሰው ግርፋቱን ራሱን ይረሳዋል። አንድ ሽማግሌ መነኵሴ እውነት ነው ብለው ላመኑበት ነገር ጀርባቸውን ለጅራፍ ሰጡ። ይህን ለማድነቅ እሳቱን መጨመርም መቀነስም አያስፈልግም።

አቡነ ፊልጶስም ከነገሥታት ጋር በተነሣው ጠብ ተሰደው በስደት ላይ እንዳረፉ ገድላቸው ይተርካል። ነገር ግን ስደቱ ያልታሰበ ፍሬ አፈራ። የተበተኑት መነኮሳት በየሄዱበት አስተማሩ፣ ደቀ መዛሙርት አፈሩ። ንጉሡ ጸጥ ለማሰኘት የበተኗቸው ሰዎች ቃላቸው በብዙ ቦታ የሚሰማ ሆነ።

የመዝገብ ቤት ጥበብ

ታዲያ ገድልን እንዴት እናንብበው? እናንተ በየመሥሪያ ቤቱ በጸሐፊነት የምትሠሩ ወጣቶች ለዚህ ጥያቄ መልሱን በእጃችሁ ይዛችሁታል። አንድ ደብዳቤ መዝገብ ቤት ሲገባ አስቀድማችሁ የምታዩት አምስት ነገር ነው፤ ቀኑን፣ ከማን እንደ መጣ፣ ለማን እንደ ተጻፈ፣ ጉዳዩንና ግልባጩን። ገድልንም በእነዚሁ በአምስቱ መርምሩት።

ቀን። መጽሐፉ መቼ ተጻፈ? የሰውየው ዘመንና የመጽሐፉ ዘመን አንድ ላይሆን ይችላል። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ1313 ዓመት ገደማ ዐረፉ ብያችኋለሁ፤ ዛሬ በብዛት የሚነበበው የደብረ ሊባኖሱ ገድላቸው ግን የተጻፈው በ1515 ዓመት ነው። በመካከሉ ሁለት መቶ ዓመት አለ። እናንተ ስለ ቅድመ አያታችሁ አባት ምን ያህል በትክክል መናገር ትችላላችሁ? በዚህ አንጻር የግብጹን የአባ እንጦንስን ታሪክ ተመልከቱ። አባ እንጦንስ በ356 ዓመት ሲያርፉ ታሪካቸውን ወዲያው የጻፉት በአካል የሚያውቋቸው የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት አትናቴዎስ ናቸው፤ እኒሁ አትናቴዎስ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ለአክሱም ጳጳስ አድርገው የሾሙ ናቸው። ሁለቱም መጻሕፍት ገድል ናቸው፤ የቅርበታቸው መጠን ግን ይለያያል።

ከማን። ገድልን የሚጽፈው ብዙውን ጊዜ የቅዱሱ ገዳም ልጅ ነው። ልጅ ስለ አባቱ ሲጽፍ ምን እንደሚያጐላና ምን እንደሚያሳንስ መገመት አያስቸግርም። የተክለ ሃይማኖት ገድል በደብረ ሊባኖስ፣ በዋልድባና በሐይቅ ወገን በተለያየ መንገድ ተጽፏል። ለማን የምንኵስና ልብስ ማን አለበሰ፣ የማን ገዳም ይቀድማል በሚለው ላይ መጻሕፍቱ አይስማሙም። ይህ አለመስማማት ራሱ ታሪክ ነው፤ ገዳማቱ ስለ ክብርና ስለ ቀዳሚነት ይፎካከሩ እንደ ነበር ይነግረናልና።

ለማን። ገድል የተጻፈው ለፈተና ለሚዘጋጅ ተማሪ አልነበረም። በቅዱሱ የበዓል ቀን፣ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ቆሞ ለሚሰማ ሕዝብ የሚነበብ መጽሐፍ ነው። የሚሰማው ሰው ገበሬ፣ ወታደር፣ መነኵሴ፣ ልጅ የሞተባት እናት ነው። ስለዚህ ድምፁ ከፍ ያለ፣ ነገሩ የሚደጋገም፣ ልብ የሚያረጥብ ይሆናል። ለዚህ ጉባኤ የተጻፈውን መጽሐፍ እንደ ፍርድ ቤት ቃለ ጉባኤ ብታነቡት ተሳስታችኋል።

ጉዳዩ። ገድል የሚለው ቃል ከ«ተጋደለ» የወጣ ነው፤ ትግል ማለት ነው። ሥርዐቱም ከሞላ ጐደል አንድ ነው። መጀመሪያ ልደትና አስተዳደግ፣ ከዚያ ምናኔ፣ ከዚያ ስብከትና ፈተና፣ ከዚያ ከፈጣሪ የተሰጠ ቃል ኪዳን፣ በመጨረሻ ዕረፍት ይመጣል፤ ተአምራቱና መልክኡ ይከተላሉ። ይህን ሥርዐት ካወቃችሁ የትኛው ክፍል ለሁሉም ቅዱሳን የሚባል የተለመደ ነገር እንደ ሆነ፣ የትኛው ደግሞ የዚህ የአንዱ ሰው ብቻ እንደ ሆነ ትለያላችሁ። የአንድ መንደር ስም፣ የአንድ ሹም ጠባይ፣ የአንድ ጠብ ምክንያት በድንገት ብቅ ሲል ቆም በሉ። ደራሲው ሊያስተምረን ብሎ ያልጻፈው ብዙውን ጊዜ ለታሪክ ተመራማሪ የበለጠ ይጠቅማል።

ግልባጭ። መጽሐፉ በስንት ብራና ተገልብጦ ደረሰን? ገልባጩ ሲደክመው ይዘላል፤ ሲቀናው ይጨምራል። ስለዚህ ሊቃውንት ብራናዎቹን ጐን ለጐን አድርገው ያስተያያሉ። የእኛው የአቡነ ሳሙኤል ዘደብረ ወገግ ገድል በዚህ ዓይነት ተመርምሮ፣ የግዕዙ ጽሑፍ ከፈረንሳይኛ ትርጕም ጋር በ1968 ዓመት በቤልጅግ አገር በሉቫን ታትሟል፤ ያሳተሙትም ስታኒስላስ ኩር የተባሉ ሊቅ ናቸው። በአውቶቡስ ተኝተን የምናልፈውን ተራራ ሉቫን ያለ ተማሪ በመጽሐፍ ያውቀዋል ማለት ነው። ይህን ስሰማ እኔ በበኩሌ ትንሽ አፍሬአለሁ።

በሌላው ዓለም ምን ሆነ?

ይህ ዓይነት ምርመራ ለሃይማኖት ጠላትነት እንዳይመስላችሁ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። በአውሮፓ የቅዱሳንን ገድል በብራና ማስረጃ እየመረመሩ ማሳተም የጀመሩት መነኮሳት ናቸው። ዣን ቦላን የተባሉት ኢየሱሳዊ መነኵሴና ረዳታቸው በአንትወርፕ ከተማ የመጀመሪያዎቹን መጻሕፍት በ1643 ዓመት አወጡ፤ ከእሳቸው በኋላ የመጡትም በስማቸው ቦላንዲስቶች ተባሉ። ከእነዚህ አንዱ ዳንኤል ፓፐብሮክ የቀርሜሎስ መነኮሳት ማኅበር በነቢዩ ኤልያስ ተመሠረተ የሚለውን ትውፊት ማስረጃ የለውም ብለው ጻፉ። ከዚህ ተነሥቶ በተቀጣጠለው ክርክር በ1695 ዓመት የስፔን የሃይማኖት ፍርድ ቤት መጻሕፍቱን አገደ። እገዳው የተነሣው ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። መነኮሳቱ ግን ሥራቸውን አልተዉም፤ ቅዱሳንን የሚወዱ ሰዎች ስለ ቅዱሳን እውነቱን ማወቅ ይገባቸዋል ብለው ያምኑ ነበርና።

ወደ አገራችንም ስንመለስ የገድልን ጥቅም በተግባር ያሳዩን የራሳችን ሊቅ አሉ። የታሪክ ምሁሩ ታደሰ ታምራት ስለ መካከለኛው ዘመን የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት የጻፉትን ታላቅ መጽሐፍ በ1972 ዓመት በኦክስፎርድ አሳተሙ። የመነኮሳቱን ስደት፣ የገዳማቱን መስፋፋት፣ የጠረፉን አገር ሁኔታ ያስረዱት በአብዛኛው ገድላትን ከሌሎች ማስረጃዎች ጋር እያመሳከሩ ነው። በገድል የሚስቅ ሰው ያን መጽሐፍ ይክፈተው፤ ገድል ባይኖር ኖሮ የ14ኛው መቶ ዓመት ታሪካችን ስንት ገጽ ይጐድለው እንደ ነበር ያያል።

የጎረቤት ቅዱስ

የጭሮ፣ የገለምሶ፣ የበዴሳና የሂርና ነዋሪ የሆናችሁ ደግሞ ሌላም ዕድል አላችሁ። በዙሪያችሁ ያለው ሕዝብ በብዛት ሙስሊም ነው፤ እርሱም የራሱን ደጋግ ሰዎች ታሪክ ይዞ ይኖራል። ወደ ባሌ፣ ወደ ድሬ ሼክ ሁሴን የሚጓዙትን፣ ጫፉ ሹካ የመሰለ በትር የያዙትን መንገደኞች ከሐረርጌ መንገዶች ላይ ያላየ ማን ነው? የሼክ ሁሴንም ሕይወትና ድንቅ ሥራ መናቂብ በሚባል ዓይነት መጽሐፍ በዐረብኛ ተጽፏል። አቀራረቡን ብታዩት ከገድል ጋር ዘመዳሞች ናቸው ትላላችሁ፤ ልደቱ፣ ትምህርቱ፣ ተአምሩ፣ ከመቃብሩ የሚገኘው በረከት አለበት። በእንዲህ ያለ ከተማ የሚሠራ የመንግሥት ሠራተኛ የሁለቱንም ወገን ታሪክ ቢያውቅ ባለጉዳዩ ስለ ምን እንደሚምልና በየትኛው ቀን ከቢሮ እንደሚቀር ይገባዋል። ሕዝቡንም የሚያከብረው ዐውቆ ይሆናል።

አሰበ ተፈሪ የሚለው ስም ራሱ የግዕዝ ቃል እንዳለበት ልብ በሉ። ዐስብ ማለት ዋጋ፣ የድካም ክፍያ ማለት ነው። ከተማይቱን በ1910ዎቹ ዓመተ ምሕረት የጨርጨር ገዥ ሆነው ያቀኗት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። እኒህ ሰው በሩሲያ የተማሩ፣ የመጀመሪያውን የዐማርኛ ቴአትር የጻፉና በኋላም የ1923 ዓመተ ምሕረቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ናቸው። አዲስ ነገር የወደዱት ሰው ያቀኗት ከተማ በጥንቱ ቋንቋ ተጠራች። አዲሱና አሮጌው በአንድ ሰው ራስ ውስጥ ተስማምተው መኖር እንደሚችሉ ከዚህ የተሻለ ምስክር አልፈልግም።

እሳቱ ሲመለስ

የወገግ ገዳም በሰላም ብቻ አልኖረም። በ16ኛው መቶ ዓመት በኢማም አሕመድ ኢብራሂም ጦርነት ብዙ አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት ጠፉ፤ ደብረ ሊባኖስም በ1531 ዓመት ተቃጠለ። የወገግም የገዳም ኑሮ በዚያ ዘመን እንደ ተቋረጠ ትውፊቱ ይናገራል። የሳሙኤል ስም ግን በብራና ላይ ስለ ነበረ አልጠፋም። ከብዙ ዘመን በኋላም መነኮሳት ወደ ተራራው ተመልሰው ገዳሙን እንደ ገና አቀኑት።

በእኛም ዘመን እሳት ወደዚያ ተራራ መጥቷል። በየካቲት ወር 2004 ዓመተ ምሕረት የአሰቦት ደን ተቃጠለ። ነገሩን የምታስታውሱ ትኖራላችሁ፤ ወሬው በተሰማ ጊዜ ከአካባቢው ከተሞች፣ ከአዲስ አበባም ጭምር፣ ብዙ ወጣቶች መኪና ተሳፍረው እሳቱን ለማጥፋት ሄደዋል። ውኃ እንደ ልብ በማይገኝበት ገደል ላይ እሳት የሚጠፋው በቅጠልና በአፈር፣ በሰው ጕልበት ነው። በተከታዩ ወር ደግሞ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም የሚገኝበት የዝቋላ ደን ተቃጠለ። በዚያም እንዲሁ ሆነ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር አስባለሁ። በዙሪያው ያለው ቆላ ደረቅ ሆኖ ሳለ በአሰቦት ላይ ጥዱና ወይራው እስከ ዛሬ መቆየቱ እንዲያው የመጣ አይደለም። ሰው «ይህ የቅዱሱ ቦታ ነው» ብሎ መጥረቢያውን ስለ መለሰ ነው። የደን ጥበቃ መሥሪያ ቤት ሳይቋቋም፣ የደን ሕግ ሳይወጣ፣ አንድ የተከበረ ስም ዛፍ ጠብቋል። ገድሉን ያላነበበው እንጨት ለቃሚ እንኳ የገድሉን ፍሬ ነገር ያውቀው ነበር ማለት ነው። እንግዲህ ያነበብነው ሰዎች ስሙን ብንረሳው ዛፉን የሚጠብቀው ማን ነው?

ስለዚህ፣ አንባቢዎች ሆይ፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። በዕረፍት ጊዜያችሁ ወደ ትውልድ ቀበሌያችሁ ስትሄዱ የአጥቢያችሁ ቅዱስ ማን እንደ ሆነ፣ ገድሉ በቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ይኑር አይኑር፣ ማን እንደሚያነበው ጠይቁ። ግዕዝ የሚያውቁት መሪጌታ በሕይወት ሳሉ አጠገባቸው ተቀመጡና አስተርጕሙ፤ በደብተራችሁም ጻፉ። ቀኑን፣ ከማን፣ ለማን፣ ጉዳዩን፣ ግልባጩን አትርሱ። የምታምኑትን እመኑ፤ የምትጠራጠሩትን ጠይቁ፤ ሳታነቡ ግን አትሳቁ፣ ሳታነቡም አትማሉ።

ከቁልቢ ስትመለሱ ምናልባት በጭሮ ታድሩ ይሆናል። ሌሊት በ11 ሰዓት የሚነሣው አውቶቡስ ከደጋው ወርዶ ሚኤሶን ሲያልፍ ተሳፋሪው ሁሉ እንደ ተለመደው ተኝቷል። እናንተ ግን በዚያን ጊዜ አትተኙ። ሰማዩ ገና እየፈዘዘ ሳለ የተራራው ጫፍ ከጨለማው ተለይቶ ይታያል። አጠገባችሁ ያለው ሰው ነቅቶ «የት ደረስን?» ቢላችሁ መልሱን አሁን ታውቃላችሁ፤ ደብረ ወገግ።